ከገደብ የመጣው ፕላዝማ

አባቴ ከቴሌቪዥናችን ጋር መቼ እንደተጣላ በትክክል አላውቅም። አንድ ቀን ምሳ በልቼ ወደ ሱቄ ልመለስ ስል፣ በከዘራው ጫፍ ጎኗን ቆርቆር እያደረገ «ይቺ ነገር አልቆላታል፤ ጭጋግ ብቻ ነው የምታሳየው» አለ። ዞሬ አየኋት። ወፍራም ሳጥን የምታክል አሮጌ ቴሌቪዥን ናት እንጂ ምስሏስ ምንም አልሆነም።

«አባዬ፣ ደህና ናት እኮ» አልኩት።

«ላንቺ ደህና ናት። አንቺ ቆመሽ ዓይተሻት ትሄጃለሽ። ፊቷ ተጎልቼ የምውለው እኔ ነኝ» አለኝ።

ነገሩ እዚያ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። አላበቃም። በማግስቱ ወንበሩን ወደፊት አስጠጋ። ሰንበት ብሎ ደግሞ አስጠጋ። በኋላማ ጉልበቱ ከቴሌቪዥኗ ጠረጴዛ ጋር ሊጋጭ ምንም አልቀረው፤ እናቴ «አንተ ሰውዬ፣ ውስጧ ልትገባ ነው እንዴ?» ትለው ጀመር። እሱ ግን ቃሉን አልለወጠም። ዲሹን ነፋስ አዙሮት ነው፤ መብራቱ አቅም አንሶት ነው፤ ዝናቡ ነው፤ ገመዱን አይጥ በልቶት ነው። ስንቱን ከሰሰ! ያልከሰሰው ዓይኑን ብቻ ነው።

እኔ ዲላ ገበያ ውስጥ መጋረጃና ብርድ ልብስ ነጋዴ ነኝ። ሰው ሲዋሸኝ አፉን አላይም፤ እጁን ነው የማየው። አባቴ ሻዩን ሊያነሳ ሲል መጀመሪያ ጠረጴዛውን በጣቱ ዳሰስ ማድረግ ጀምሯል። ይሄን ካየሁ በኋላ ስለ ዲሹና ስለ አይጡ የሚያወራው ሁሉ በአንድ ጆሮዬ ገብቶ በአንዱ ይወጣ ነበር።

ደግሞ ሌላ ነገር አለ። አባቴ ሰላምታ የሚወድ ሰው ነው። ከወሎ በወጣትነቱ መጥቶ ወናጎ፣ ይርጋጨፌ፣ ገደብ፣ በመጨረሻም ዲላ ላይ ሒሳብ ሲያስተምር ነው ያረጀው። ከቤታችን እስከ መናኸሪያው ከእሱ ጋር መሄድ ቅጣት ነበር፤ በየመንገዱ እየቆመ «አንተ የእገሌ ልጅ አይደለህም? እናትህ ደህና ናቸው?» ሲል ሐሩሩ ያቃጥለናል። ያ ሰው ሰላም የሚለውን ሰው ዝም ብሎ ማለፍ ጀመረ። ድምፁን ከለየ ይመልሳል፤ በእጅ ወይም በራስ ንቅናቄ ሰላም ያለውን ግን ያልፈዋል። ሰዎች ሱቄ ድረስ መጥተው «መምህር ምነው ኮሩብን?» አሉኝ። ወሬው እሱም ዘንድ ሳይደርስ አልቀረም፤ ቀስ በቀስ ከቤት መውጣት ተወ። እኔን ያንገበገበኝ ይሄኛው ነው። ሰው የሚወድ ሰው በገዛ ቤቱ ታሰረ።

ጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ ጎረቤት አለችን። አንድ እሁድ ለመጠየቅ መጥታ፣ ግቢያችን ውስጥ ፀሐይ ላይ አስቀምጣው፣ ወሬ እያስመሰለች ዓይኖቹን አየቻቸው። ልሸኛት ስወጣ በሩ ላይ ያዘችኝ።

«የዓይን ሞራ ነው፤ ሁለቱንም። ቶሎ ከተገፈፈ ያያሉ። ቆይቶ ከጠጠረ ግን እንጃ» አለችኝ። «ነሐሴ ላይ የዓይን ሐኪሞች በነፃ ሊያክሙ ይመጣሉ። እባክሽ እንዳያመልጣችሁ።»

እየሮጥኩ ገብቼ ለአባቴ ነገርኩት። እንዲያው ጠባዩን የማላውቀው ይመስል! መሬቱን በከዘራው መታ አድርጎ ተነሳ።

«ዓይኔ ደህና ነው! ዓይኔን ግንባር ያድርገው ደህና ነው!»

«ኧረ በፈጠረህ፣ በዓይንህ አትማል!» አለች እናቴ፣ ከማድ ቤት እየወጣች።

ፍርሃቱ ከየት እንደመጣ ሁላችንም እናውቃለን። ታላቅ ወንድሙ፣ ወሎ የቀሩት አጎቴ፣ ድሮ ዓይናቸውን ሊታከሙ ሄደው ሳይድኑ ቀርተዋል። አባቴ ስለ እሳቸው ሲያነሳ ሁልጊዜ የሚላት ነገር አለችው፤ «በእግሩ ገብቶ በመሪ ወጣ» ይላል። ዘመኑ ሌላ ነው፣ ሕመማቸውም ሌላ ይሆናል፣ ዘግይተውም ይሆናል፤ ይሄን ሁሉ ነገርነው። ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። «እኔ የሚያስፈልገኝ ሐኪም አይደለም፤ ደህና ቴሌቪዥን ነው» አለ።

እኔ ስናደድ ደሜ ይፈላል፤ ደሜ ሲፈላ ደግሞ ሐሳብ ይመጣልኛል። እሺ! ደህና ቴሌቪዥን ነው የፈለግከው? አመጣልሃለሁ። ግድግዳ የሚያክል፣ ቁንጫ ብታልፍበት የሚያሳይ ፕላዝማ አመጣልሃለሁ። ያን ጊዜ ጥፋቱን በማን ላይ እንደምታላክክ አያለሁ! ለእናቴ «ሰበቡን እገዛዋለሁ» አልኳት። «ብርሽን አታባክኚ» አለችኝ፤ ግን ዓይኗ ሌላ ይላል። ዕቁብ የወጣልኝ ሰሞን ነበር፤ ያን ያህልም አልጨነቀኝም።

ፕላዝማ የሚለውን ስም አባቴ ይጠላዋል፤ ይሄንንም ልናገር። ጡረታ ሊወጣ ጥቂት ሲቀረው ትምህርት ቤቱ ውስጥ ፕላዝማ ገባ። ትምህርቱን ከሳተላይት የሚመጣው መምህር በእንግሊዝኛ ያንበለብለዋል፣ አባቴ ደግሞ ሪሞት ይዞ ጥግ ላይ ይቆማል። ልጆቹ ሳይገባቸው ሰውየው ወደሚቀጥለው ምዕራፍ ያልፋል። «እጅ ቢያወጡ የማያይ መምህር!» እያለ በየቀኑ እየተበሳጨ ይገባ ነበር። ታዲያ እኔ ያንኑ ነገር ሳሎናችን ውስጥ ልተክልበት ነው።

አሁን ዕቃ መግዛት ለማያውቅ ሰው አንድ ነገር ላስተምር። በእኛ አገር ቴሌቪዥን በኅዳርና በታኅሣሥ አይገዛም። እሸት ቡና የሚሸጥበት፣ የሁሉም ሰው እጅ የሚረጥብበት ጊዜ ነው፤ ያኔ ቴሌቪዥኑም፣ ፍራሹም፣ የእኔም መጋረጃ ሳይቀር ይወደዳል። በሞተር ሳይክል ላይ፣ ከነጂውና ከሚስቱ መሃል ቴሌቪዥን ተቀምጦ ወደ ገጠር ሲሄድ ያላየ ዲላን አያውቃትም። ክረምት ሲገባ ግን እጅ ይደርቃል። ቡናው ገና አረንጓዴ ነው፣ የልጆች ደብተር ይመጣል፣ ያ በታኅሣሥ የሄደ ዕቃ በሐምሌ «የሚገዛ ሰው ታውቂያለሽ?» እየተባለ ይመለሳል። እኔ የምጠብቀው ይሄን ነበር።

ሱቆቹን ዞርኳቸው። ዋጋ ሲጠሩልኝ አፌን ያዝኩ። አንዱማ «ለአንቺ ስለሆነ ነው» ብሎ ከጎረቤቱ አስበልጦ ጠራልኝ፤ ስቄበት ወጣሁ። በመጨረሻ ዕድሌ በገዛ ሱቄ በር ገባች። ከገደብ እየመጣች መጋረጃ የምትገዛኝ ደንበኛ አለችኝ፤ ወሬ ስናወራ «የባሌ ወንድም ቤቱን ወደ ሀዋሳ ሊያዛውር ነው፤ ትልቅ ፕላዝማ አለው፣ ይሸጣል» አለችኝ። ስልኩን ተቀበልኩ። በማግስቱ ሱቄን ለእህቴ ልጅ ትቼ፣ ከሸቀጤ አንድ ወፍራም ብርድ ልብስ አንስቼ፣ ገደብ ሄድኩ።

ሰውየው የቡና ነጋዴ ነው፤ ከነሚስቱ እንግዳ ተቀባዮች ናቸው። ፕላዝማው ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ፣ ነጭ ዳንቴል ለብሶ ተሰቅሏል። ዳንቴሉ ሲነሳ ልቤ ስንጥቅ አለ፤ እውነቴን ነው፣ በር ነው የሚያክለው። ግን ነጋዴ ነኝና ፊቴን አጨፈገግኩ።

«አሮጌ ነው» አልኩ።

«ከአዲስ አበባ በደህና ዓመት ያመጣሁት ነው። የዛሬዎቹን ስስ ስስ ነገር አትይ፤ እውነተኛው ፕላዝማ ይሄ ነው» አለ። «አንሺው እስቲ! ከባድ ነው፤ ከባድ ዕቃ ነው የሚቆየው።»

መብራት አልነበረም። ጄኔሬተር አስነሳልኝና ከፈተው። ዘፈን ነበር፤ ልጃገረዶች ቀይና ቢጫ ለብሰው ይጨፍራሉ፣ ቀለሙ ከግድግዳው ላይ ወርዶ ወለሉ ላይ የሚፈስ መሰለኝ። ጄኔሬተሩ ስለሚንገጫገጭና ነዳጁ ስለሚያሳዝን ብዙ ሳንቆይ ጠፋ። ዋጋውን ጠየቅኩ። የዲላ ሱቆች ከሚጠሩት ዋጋ ግማሽ ትንሽ ከፍ ይላል። ውስጤ እልል አለ፤ አፌ ግን «ተወደደ» አለ።

ከዚያ መሣሪያዬን አወጣሁ። «አባቴ እዚህ ገደብ አስተምሯል፤ የሒሳብ መምህር ነበር። ምናልባት አንተንም...» አልኩት በትልቅ ተስፋ።

«እኔ ከሦስተኛ ክፍል ነው የወጣሁት፤ ያውም ኮቾሬ» አለኝ።

ይኸው፣ መሣሪያዬ ዱልዱም ሆነ! ሌላ የምለው ሲጠፋኝ እውነቱን ተናገርኩ። የአባቴን ዓይን፣ ወንበሩ ወደፊት እየተሳበ መሄዱን፣ ነሐሴ ላይ የሚመጡትን ሐኪሞች፣ ሰበቡን ልገዛ መምጣቴን ሁሉንም ዘረገፍኩት። ይሄ ለድርድር ያመጣሁት አልነበረም። ሚስትየዋ ባሏን በክርኗ ወጋ አደረገችው።

«ለአባቷ ዓይን ነው እኮ የምትለው! ከእሷ ደግሞ ልትነግድ ነው?»

ቀነሰልኝ። የሱቆቹ ዋጋ ግማሽ ቀርቶ ከግማሹም ወረደ። ሴትየዋ ደግሞ ቆጮ በኮባ ጠቅልላ «ለአባትሽ» ብላ አሸከመችኝ። እኔ እንኳን ለደንበኛ እንዲህ አላደርግም፤ አፈርኩ።

የመመለሱን ነገር ብቻውን ብተርከው ዕለቱን ሙሉ ያወራኛል። ፕላዝማው በብርድ ልብሴ ተጠቅልሎ፣ እንደ ሰው ተከፍሎለት ሚኒባስ ውስጥ ወንበር ያዘ። ከገደብ እስከ ዲላ ለእሱ ያልተጨነቀ ተሳፋሪ የለም። አንዱ «በቁመቱ ይሁን፣ ካስተኛሽው ይሞታል» ይላል፤ ሌላው «ኧረ ማን ነው የነገረህ?» ብሎ ይሟገተዋል። ጣሪያው ማፍሰስ ሲጀምር አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ጃኬቱን አውልቆ አለበሰው። ኮንጋ ላይ ጎመን የያዙ እናት ገቡና ከጎኑ ተቀመጡ።

«እማማ፣ እባክዎ እንዳይደገፉት!» አልኩ።

«እኔ አልነካም! በሽተኛ ነው እንዴ?» አሉ፣ ብርድ ልብሱን በሐዘኔታ እያዩ። መኪናው በሙሉ ሳቀ። ፕላዝማ መሆኑን ስነግራቸው እሳቸውም እየሳቁ እጃቸውን ዘርግተው መረቁልኝ፤ «ጥሩ ጥሩ ነገር ይያበት» አሉ። አሜን ያልኩት ከልቤ ነው።

ዲሽ የሚሠራው ሰውዬ መጥቶ ግድግዳው ላይ ሲሰቅለው ጎረቤቱ ሁሉ ገባ። በእኛ ሰፈር ትልቅ ዕቃ ቤት ሲገባ ዝም ብሎ አይገባም፤ ዳቦ ይዘው መጥተው፣ መርቀው፣ ትንሽ ቁጭ ብለው ነው የሚሄዱት። አባቴን ከመሃል አስቀመጥነው፤ ወንበሩን እኔ ራሴ ራቅ አድርጌ፣ እንደ ጤነኛ ሰው ከወዲያኛው ግድግዳ ሥር። ከፈቱት። ዜና ነበር። «ውይ! ውይ! ሰውየው እዚህ የገባ አይመስልም?» አሉ ጎረቤቶች። እኔ ቴሌቪዥኑን አላየሁም። አባቴን ነበር የማየው። አሁን «ይሄም ጭጋግ ነው» ይላል፤ ሲል ደግሞ አፉ ላይ እይዘዋለሁ።

አባቴ አገጩን ቀና አደረገ። ፈገግ አለ።

«አሁን ነው ቴሌቪዥን ማለት!» አለ። «ጥርት ያለ! እንዴት ያለ ጥራት ነው! ልጄ ተባረኪ።»

ሁሉም አጨበጨበ። እኔ ደርቄ ቀረሁ። እውነት ይሆን እንዴ? ነርሷ ተሳስታ ይሆን? እናቴ ዞር ብላ አየችኝ፤ እሷም ማመን እየፈለገች ነው። እንዲህ ያለ ደስታ እንዴት ይቃወሙታል? እኔም አጨበጨብኩ።

ሐምሌ እንዲህ አለቀ። አባቴ ፊት ለፊት ይቀመጣል፣ ዜናውን ይሰማል፣ ያደንቃል፤ ለሚመጣው እንግዳ ሁሉ «ልጄ ከገደብ ያመጣችልኝ ነው» ይላል። ከቤት ግን አይወጣም። ሻዩን ሲያነሳ አሁንም ጠረጴዛውን ይዳስሳል። ነሐሴ ገባና ሐኪሞቹ መጡ፤ ምዝገባ ተጀመረ። ባነሳሁበት ቁጥር «አያስፈልገኝም፤ ይኸው አያለሁ አይደል እንዴ?» ይለኛል። ሰበቡን ልገዛ ሄጄ የባሰ ሰበብ ገዝቼ መጣሁ! በራሴ ተናደድኩ፤ በገደቡ ሰውዬም፣ በዕቁቡም ተናደድኩ።

ምዝገባው ሊያበቃ አንድ ቀን ሲቀረው ነው። ለምሳ መጣሁ። እናቴ ለቅሶ ሄዳለች። አባቴ እንደ ልማዱ ከፕላዝማው ፊት፣ እግሩን አነባብሮ ተቀምጧል፤ የአንድ ሰውዬ ድምፅ ስለ ማዳበሪያ ያወራል።

«ነይ፣ ነይ ቁጭ በይ» አለኝ። «እዪውማ ይሄን ጥራት። የሰውየው ክራቫት ሳይቀር ቁልጭ ብሎ ነው የሚታየው።»

ቀና ብዬ አየሁ። ሰውዬ የለም። ክራቫትም የለም። እናቴ ጠዋት ከመውጣቷ በፊት የዲሹን ሪሞት ስትነካካ ወደ ሬዲዮ የሚቀይረውን ቁልፍ ተጭናው ኖሯል። ያ የሚያክል መስታወት ከዳር እስከ ዳር ሰማያዊ ብቻ ነው። ሌላ ምንም የለበትም።

እኔ አፌ ቶሎ ነው። ሌላ ቀን ቢሆን ቤቱን በጩኸት እሞላው ነበር። ያን ቀን ግን አንጀቴን በላኝ። በፊት በቀረበ ቁጥር ሲያጣ፣ አሁን ደግሞ ከድምፅ ብቻ ምስል ሲስል፣ ለእኔ ደስ እንዲለኝ ክራቫት ሲፈጥር ታየኝ። ከጎኑ ቁጭ አልኩ። «አዎ፣ ጥርት ያለ...» ብዬ ጀመርኩና ሳልጨርሰው ተውኩት።

«ምነው? ምን ሆነሻል?» አለ። ድምፅ ላይ ማንም አያታልለውም።

«አባዬ» አልኩት፣ «ምስል የለም። ሬዲዮ ነው።»

ሰውየው ስለ ማዳበሪያው ማውራቱን ቀጠለ። አባቴ እጁን ወደ ፊቱ አነሳና መልሶ ጭኑ ላይ አስቀመጠው።

«ከጠዋት ጀምሮ?»

«ከጠዋት ጀምሮ።»

ከዚያ በሕይወቴ ሰምቼው በማላውቀው ትንሽ ድምፅ ተናገረ። «ቴሌቪዥን ከሆነ ይቀየራል ብዬ ነው። ቴሌቪዥን ነው፣ ቴሌቪዥን ነው ስል የኖርኩት ለዚያ ነው። ዓይኔ ከሆነስ? ዓይን ከየት ይገዛል? ፈርቼ ነው ልጄ። እንደ ወንድሜ እንዳልሆን ፈርቼ ነው።»

አቅፌው አለቀስኩ። እሱም አለቀሰ። ብዙ አባቶች ይሄን ለልጃቸው አይሉም፤ የእኔ አባት አለኝ። ካለቀስን በኋላ አፍንጫውን በመሐረቡ ጠርጎ፣ «ምዝገባው አልፏል?» ብሎ ጠየቀኝ። ምሳ ሳንበላ ባጃጅ ጠርቼ ሄድን።

የሆስፒታሉ ግቢ ከወረዳው ሁሉ በመጡ ሰዎች ሞልቷል፤ አብዛኞቹ በልጅ ትከሻ ተደግፈው የመጡ ናቸው። አባቴ ወረፋ ስንጠብቅ ከአጠገቡ የተቀመጡትን ሽማግሌ በድምፃቸው አወቃቸው፤ ወናጎ ላይ ጎረቤቱ የነበሩ ገበሬ ናቸው። «አንተም?» ተባባሉ፣ ተሳሳቁ። ተራው ደርሶ ሲገባ እጄን እስኪያመኝ ጨብጦኝ ነበር፤ በሩ ላይ አስለቀቁን። ውጭ ቆሜ ያልተሳልኩለት ታቦት የለም።

በመጀመሪያ አንደኛውን ዓይን ነው የሠሩለት። በማግስቱ ፋሻው ሲፈታ ሐኪሟ ጣቷን አሳየችው፤ በትክክል ቆጠረ። ይታይዎታል? አለችው። «ኧረ በደንብ ይታየኛል!» አለ።

ሌላው ሰው ሁሉ እልል አለ፤ እናቴ ተንበረከከች። እኔ ግን አላመንኩም። እንዴት ልመን? ይቺን «ይታየኛል» ስንት ጊዜ ሰማኋት! ክራቫት የፈጠረ ሰው ጣት መገመት ያቅተዋል? ደስ እንዲለን ብሎ ቢሆንስ? በባጃጁ ውስጥ «ያ ምንድነው? ይሄስ?» እያልኩ ፈተንኩት፤ ዲላን ግን በልቡ ያውቃታል፣ ዓይኑን ጨፍኖም ይመልሰዋል። ቤት ስንደርስ ፊቴን ትክ ብሎ አየና «ከስተሻል» አለኝ። ሁልጊዜ ነው «ከስተሻል» የሚለኝ።

እናቴ አጥሚቱን ልታመጣ ወጣች። አባቴ ቦታው ላይ ተቀመጠ፤ እኔ ፕላዝማውን ከፈትኩለት። ምስል መኖሩን አስቀድሜ አረጋገጥኩ! አንድ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው ነጭ ግድግዳ ፊት ቆሞ ያወራል። አባቴ አንገቱን ዘመም አድርጎ ተመለከተ።

«ይሄ ከታች በኩል ያለው ጽሑፍ ምንድነው?» አለ።

አየሁ። ከታች ምንም ጽሑፍ የለም። እንደገና እየፈጠረ ነው።

«ጽሑፍ የለም አባዬ» አልኩት፣ ቀስ ብዬ።

«እንዴት የለም? ይኸው፣ በቀኝ ጥግ! ግራጫ ነገር ነው፤ የጠፋ ጠመኔ ይመስላል። የእንግሊዝኛ ፊደሎች ናቸው።»

ተነሳሁ። ሄጄ ከመስታወቱ ፊት ቁጢጥ አልኩና ግንባሬን ላስነካ እስክደርስ ተጠጋሁ። በሰውየው ነጭ ጋዋን ጫፍ ላይ፣ ስስ፣ በጣም ስስ የሆነ ጥላ አለ። እኛ የማንከፍተው የሌላ ጣቢያ ስም ነው። ገደብ እያለ አንድ ጣቢያ ብቻ ሲያሳይ ከርሞ ስሙ መስታወቱ ላይ ተቃጥሎ ቀርቷል። እኔ አላየሁትም፣ እናቴ አላየችውም፣ ዳቦ ይዞ የመጣ ጎረቤት ሁሉ አላየውም፤ ዲሽ የሚሠራው ሰውዬ እንኳ አላየውም። ይሄን ለአባቴ የነገረው ሰው የለም። ሊነግረው የሚችልም የለም።

«ልጄ» አለ አባቴ ከኋላዬ፣ በዚያ የተማሪ ስህተት ሲያገኝ በሚያወጣው ድምፅ፣ «ይሄ ዕቃ ተበላሽቷል። ተሸውደሻል እኮ!»

እየሳቅኩ ነው፣ እንባዬ ይወርዳል፣ ጥላውን በጣቴ እየነካሁ ወደ ማድ ቤት ጮህኩ።

«እማዬ! ነይ! ኧረ ቶሎ ነይ! ተሸውጃለሁ!»